ሆዷስ የታለ?

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰዓሊ መሆኔን ለቅሶ ቤት ሰምታ ኖሯል። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ስልኳን አወጣችና ሥዕል ታሳየኝ ጀመር። የራሷም አለበት፣ የፈረንጆቹም አለበት።

የፈረንጆቹ የማርቭል ኮሚኮች ናቸው። ሲ. ቢ. ሴቡልስኪ የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የጻፋቸው። መጀመሪያ ኤክስ ሜን፣ ቀጥሎ ስፓይደርማን፣ መጨረሻ ላይ አቬንጀርስ። እያንዳንዳቸው አራት አራት እትም። ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን የድሮ ተረት ያነሱና ሱፐርሂሮዎቹን እዚያ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ስፓይደርማን የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ተረት ውስጥ ይገባል። ከኤክስ ሜን አንዱ የሆነው ሳይክሎፕስ ደግሞ ሞሞታሮን ይሆናል፤ ከኮክ ፍሬ የተወለደውን የጃፓኖች ልጅ። የጋናዎቹ የአካን ሕዝቦች የሚያወሩት የሸረሪቱ የአናንሲ ተረትም አለ። ልጅቷ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስልኳን በጣቷ እየገፋች፣ በአንድ ትንፋሽ ነው።

«የወሎን ተረቶች እንዲህ አድርጌ ልሠራቸው ነው» አለች። «ለልጆችም፣ ለእናቴም የሚሆን። ግን ጋሼ፣ ተረቱን ስቀይር የት ላይ ነው ማቆም ያለብኝ?»

ደሴ እስክንገባ አልመለስኩላትም። «ላስብበት» ብያት ፒያሳ ወረድኩ። ማሰቡን ግን ከ30 ዓመት በላይ አስቤበታለሁ። አፌን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እናንተም እንደሷ የምትሥሉ፣ የምትጽፉ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

በ1986 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ የምተዳደረው በታፔላ ነበር። ደሴ ውስጥ የሻይ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የወፍጮ ቤት ታፔላ ስጽፍ ነው የምውለው። አንድ ቀን ለተማሪዎች ማንበቢያ የሚሆን ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ሥራ ተባልኩ። 16 ገጽ፣ በጥቁር ቀለም፣ በስቴንስል ተባዝቶ 300 ቅጂ። ያዘዘኝ ሰው የአካባቢው ተረት እንዲሆን ፈለገ። «ግን ልጆች የሚወዱት ይሁን» አለ። «ትግል ይኑርበት።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። በልጅነቴ አንድ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አሜሪካዊ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ኮሚክ ትቶልን ነበር። ሽፋናቸው የተቀደደ፣ ጠርዛቸው የተበላ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። እነዚያን ሥዕሎች ግን በከሰል፣ በእርሳስ፣ ባገኘሁት ሁሉ ገልብጫቸዋለሁ። የሱፐርማንን ካባ እጥፋት ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችል ነበር። ክንድ ሲመታ ጡንቻ እንዴት እንደሚወጠር የተማርኩት ከዚያ ነው። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ የለም። እና ከ20 ዓመት በላይ ያጠራቀምኩትን የማወጣበት ቀን መጣ ብዬ ነበር።

ተረቱን ለመምረጥ ሩቅ አልሄድኩም። ጎረቤቴ የሐይቅ አገር ሰው ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው የማይለይ፣ አምስት ወቅት የሚሰግዱ ሴት። ቡና ሲያፈሉ «ና ልጄ፣ ቡና ጀባ» ይሉኛል። አቦሉን በዝምታ ነው የምንጠጣው። ወሬ የሚጀምሩት ከቶና በኋላ ነው። የሐይቅን ተረት ስንቴ እንደነገሩኝ ቁጥሩን አላውቀውም።

ተረቱን የወሎ ልጅ ያውቀዋል። ለሌላው ባጭሩ ላውራው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። አንዲት ልዕልት በደለቻት። ፈጣሪ ተቆጣ። በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቷም፣ ዘመዶቿም፣ ወዳጆቿም ሰጠሙ። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች። ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ያ ነው ይባላል።

እማማ ግን እንደዚህ ባጭሩ አያወሩትም። አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ላይ። «ተቀመጠች» ይላሉ። ዝም ይላሉ። ሲኒውን ያዞራሉ። «መሄድ አቅቷት ነው ልጄ። ቀኗ ደርሷል። እግሯ አብጧል። ወዴት ትሂድ? ተቀመጠች።» እሳቸው ስምንት ወልደው አራቱን ቀብረዋል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ከተረቱ ጋር አላገናኘሁትም እንጂ።

አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አሉኝ። «ገዳሙ ለወንድ ነው፣ ሴት አይገባም። እኔማ እስላም ነኝ፣ ሴትም ነኝ። መቀመጫው ግን የሷ ነው።» ይህን ሲሉ ቅሬታ የለባቸውም። የባለቤትነት ድምፅ ነበር። የወሎን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብደኛል።

ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሠራሁ። ደሴ በጉም በምትታፈንበት ወቅት ነበር፣ ጣቴ በብርድ ይደርቃል። ልዕልቷን ያወጣኋት በአገራችን አሣሣል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥለዋል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልዕልቷን በአንድ ዓይን ሣልኳት። ውሃው እንደ እባብ ሲነሳ ጥሩ ወጣልኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ መጣሁ።

ሆዷን ሥዬ አየሁት። አላማረኝም። ሱፐርሂሮ ሆድ የላትም። አጠፋሁት። ወገቧን አቀጠንኩት፣ ትከሻዋን አሰፋሁት። ነጠላዋን አንገቷ ላይ አሰርኩና ካባ አደረግኩት። ውሃው ሲመጣ ተነስታ በረረች። የልዕልቷን ጭፍራ አንድ በአንድ በቡጢ ጣለች። መጨረሻው ሳጥን ላይ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቆማ ደሴን ታያለች። ያ ሥዕል በሕይወቴ ከሣልኳቸው ሁሉ የተዋጣልኝ ነበር። ዛሬም በእጅ ሥራው አላፍርም።

ለእማማ መጀመሪያ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ሥዕሉን ግን ገጽ በገጽ አዩት። ልዕልቷ ጋ ሲደርሱ «ይቺን አወቅኋት» አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ በጣታቸው ሌላዋን ነኩና «ይቺስ ማናት?» አሉ።

«ሴትዮዋ ናት እማማ።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቺ እርስዎ የሚነግሩኝ። ነፍሰ ጡሯ።»

አጠጉት፣ አራቁት። «ሆዷስ የታለ?»

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ለልጆች እንደሆነ፣ ልጅ ኃይለኛ እንደሚወድ፣ በፈረንጅ አገር እንዲህ እንደሚሠራ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ይቺማ መብረር የምትችል ከሆነ» አሉ፣ «ፈጣሪ ምን ብሎ ይቆጣላታል?»

መጽሐፉን መለሱልኝ። «ምንም አይደል፣ አብሽር» አሉኝ። በረካውን ቀዱልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡና ጠርተውኝ አያውቁም ብል ውሸት ነው። ጠርተውኛል። ተረት ግን ነግረውኝ አያውቁም።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ስቴንስሉ ገና አልተመታም ነበር። አንድ ሌሊት በቂ ነው። ሆዷን መልሼ መሣል፣ የምትበርበትን ገጽ ቀድጄ መጣል እችል ነበር። አላደረግኩትም። ያዘዘኝ ሰው ወዶታል፣ ገንዘቡም ያስፈልገኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የጦሳውን ሥዕል ማጣት አልፈለግኩም። 300ውም ታተመ።

ልጆች ወደዱት። ሰኞ ገበያ በኩል ሳልፍ ነጠላ አንገታቸው ላይ አስረው ከግንብ ላይ ሲዘሉ አይቻለሁ። ያኔ እማማ ተሳስተዋል አልኩ በልቤ። ዓመታት አለፉ። ታዲያ ለአንድ ታፔላ ሥራ ሐይቅ ሄጄ ሳለ፣ አንድ የ10 ዓመት የሚሆነው ልጅ የሐይቁን ታሪክ ለእንግዳ ያስረዳል። «አንዲት የምትበር ሴት ነበረች» ይላል። «ሁሉንም ደበደበቻቸው።» ነፍሰ ጡር የለችም። የተቀመጠ የለም። ውሃው እንኳን ለምን እንደመጣ ልጁ አያውቅም። ከየት ሰማህ አላልኩትም። ብሩሼን አጥቤ መጣሁ።

እማማ ካረፉ በኋላ የልጅ ልጃቸው አንድ ቅጂ አመጣችልኝ። ፍራሻቸው ሥር ነበር። ገለጥኩት። በየሳጥኑ ሴትዮዋ ሆድ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቷል። «አያቴ ናት ያሠራችኝ፣ እያሳየችኝ» አለችኝ ልጅቷ፣ እንደጥፋት ቆጥራው። የምትበርበት ሥዕል ላይ ደግሞ ከእግሯ ሥር አንድ ረጅም መስመር ተሰምሯል። መሬት ነው።

ያ ቅጂ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እያየሁት ነው የምጽፈው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ ልጄ። ያሳየሽኝ ውስጥ አንዱ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ቪዥን የሚባለውን ፒኖኪዮ ያደረጉበት። ይህ ቪዥን ሰው ሠራሽ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ነው የመጣው። አቬንጀርሶች ከኛ አንዱ ነህ ሲሉት እንባ የወጣው እሱ ነው። ፒኖኪዮም ከእንጨት ተሠርቶ ሰው መሆን የሚመኝ ልጅ ነው። እዩት፣ የሁለቱ ጉድለት አንድ ነው። ሱፐርሂሮውን በጉልበቱ ሳይሆን በሚያመው ነገር ነው ተረቱ ውስጥ ያስገቡት። ስለዚህ ልብሱ ቢቀየር፣ ዘመኑ ቢቀየር፣ አገሩ ቢቀየር ተረቱ አይሞትም። እኔ ጉልበት ሰጥቼ ሕመሙን ወሰድኩባት። ስፓይደርማንስ ቢሆን ድር ስለሚተፋ መሰለሽ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚወደደው? ሌባውን ማስቆም ሲችል አሳልፎት፣ ያው ሌባ አጎቱን ስለገደለበት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እሱን ከሱፐርማን አስበልጣለሁ።

ስለዚህ ቀይሪ። ሁሉንም ቀይሪ ከፈለግሽ። የተረቱ ባለቤት ሲያወራ ዝም የሚልበትን ቦታ ግን አትንኪ። ሲኒው የሚዞርበትን።

ስለ መሣል ዘዴ አልመክርሽም፣ እጅሽ ከኔ ይበልጣል። ጣት ስትሥዪ አይቻለሁ፣ እኔ 40 ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል። የዘንድሮ ልጆች ተረቱን ስልክ ላይ ፈልጋችሁ፣ ባጭሩ አንብባችሁ ትጀምራላችሁ። አያት ቤት ቁጭ ብሎ ሦስተኛውን ሲኒ የሚጠብቅ ጠፋ። የፈረንጅ ኮሚክ መገልበጥም ይብቃ እላለሁ። ይህን የምለው እኔ ገልብጬ የተማርኩት ሰው መሆኔን ሳልረሳ ነው። ገልብጡ እንግዲህ፣ እጃችሁ ይፍታታ። አገራችን ያለውንም ግን እዩ። የንግሥት ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ አይታችሁታል? በረድፍ በረድፍ የተሣለው፣ ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈበት፣ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ያለው። ከኮሚክ በምን ያንሳል? በኛም ዘመን የበስራት ደበበ የሱፐርሂሮ ኮሚክ «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛ ወጥቷል። በር ተከፍቷል፣ እኔ ያኔ ይህን ባገኝ ኖሮ እላለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከወሎ ተረቶች የሐይቁን የምትሠሪ ከሆነ፣ ከመጀመርሽ በፊት ሐይቅ ሂጂና ውሃው ዳር ተቀመጪ። ከእናትሽ ጋር ብትሄዱ ይሻላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ቧንቧ ውሃ በኩል ቤቴ ጎራ በይ። የእማማን ቅጂ ሰማያዊውን ክብ በዓይንሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። ቡና ይፈላል፣ እስከ በረካው እንጠጣለን።