«ና» ያለኝ ማነው?

ከባቲ የደረሰን ጥያቄ

«ሰላም ናችሁ? ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል ልገዛ ወጥቼ ነበር። ግርግሩ መሀል አንድ ሰውዬ ከኋላዬ «ና» ሲል ሰማሁና ዞር ብዬ ሄድኩለት። ለካ ጓደኛውን በኦሮምኛ «ና ኤጊ» እያለው ነው። ትርጉሙን ስጠይቅ «ጠብቀኝ» ነው አሉኝ። እኔ ና የተባልኩ መስሎኝ ስሄድ እሱ ቆመህ ጠብቀኝ ይላል! ለመሆኑ የእኛ ና እና የእነሱ ና ዝምድና አላቸው?»

ወንድሜ፣ የላቸውም። ድምፃቸው ብቻ ነው የገጠመው። የኦሮምኛው ና «እኔን» ማለት ነው። «ና ገርጋሪ» ቢሉህ «እርዳኝ» ማለታቸው ነው። እኛ «ኝ» ብለን ከግሱ ኋላ የምንለጥፈውን እነሱ ከግሱ ፊት ያስቀድሙታል። አንተን ለመጥራት ቢፈልጉማ «ኮቱ» ነበር የሚሉህ፤ ይቺን ቃል ባቲና ከሚሴ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

የእኛ ና ሌላ አገር አለው። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካለህ ልጁን ሲጠራ ስማው፤ «ንዓ» ይላል፣ ዓ-ን ከጉሮሮው አውጥቶ። ግዕዙም ለወንድ «ነዓ»፣ ለሴት «ንዒ»፣ ለብዙ ሰው «ንዑ» ነው። አማርኛ ያንን የጉሮሮ ድምፅ ከጣለው ቆይቷል፤ ፊደሉን «ዓ» ብለን ብንጽፈውም «አ» ብለን ነው የምናነበው። ጉሮሮው ሲጠፋ ቃሉም አጠረና ና፣ ነይ፣ ኑ ሆነ። ስለዚህ ጎረቤትህ በአጥር ላይ «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ስትጣራ ያቺ «ኑ» የግዕዟ «ንዑ» እህት ናት።

አንድ በጣም የምወደው ነገር ልጨምርልህ። ና ከ«መጣ» አልተወለደም። መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት እያልን እንሄድና ትእዛዝ ላይ ስንደርስ ድንገት ሌላ ቃል እናነሳለን። አትምጣ እንላለን እንጂ «አትና» የሚል የለም። ኦሮምኛውም እንደዚሁ ነው፦ መጣ ለማለት «ዱፌ»፣ ለመጥራት ግን «ኮቱ»፣ አትምጣ ለማለት ደግሞ ተመልሶ «ሂን ዱፊን»። ዐረብኛውም «ጃአ» ብሎ መጣን ይናገርና ሲጠራ «ተዓል» ይላል። ቃላቱ አይመሳሰሉም፣ ጠባያቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው። ያ ሰውዬና አንተ በድምፅ ባትግባቡም፣ ሰው ስትጠሩ ሁለታችሁም ከመደበኛው ግስ ወጥታችሁ ለመጥሪያ ብቻ የተቀመጠ ቃል ነው የምታነሱት።

ደግሞ አማርኛ ውስጥ ራሱ ሁለት ና አለ። «ናና ብላ» ስንል የመጀመሪያው ና ጥሪ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «እና» ነው። አፋችን ላይ አንድ ቃል ይመስላል፣ ሲፈታ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ይሄ ሁለተኛው ና ስዋሂሊም ላይ አለ፤ ወተትና ማር ለማለት «ማዚዋ ና አሳሊ» ይላሉ። ትርጉሙ ሳይቀር ገጠመ፣ ሆኖም ስዋሂሊ ከአማርኛ ጋር ዝምድና የሌለው የባንቱ ቋንቋ ነው፣ ግጥምጥሞሹ ደግሞ እዚያው ላይ ያበቃል።

ከወልዲያ

«የኮሪያ ፊልም ሳይ ቶሎ ቶሎ «ና» ሲሉ እሰማለሁ። ምን ማለት ነው?»

«እኔ» ማለት ነው። ለጓደኛ ወይም ለታናሽ የሚሉት ነው፤ በአክብሮት ሲናገሩ ሌላ ቃል አላቸው። ከኦሮምኛው «እኔን» ጋር መቀራረቡ አያታልልሽ። ን እና አ የሌለበት ቋንቋ ማግኘት ይከብዳል፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ ለምላስ ቀላል ናቸው፣ ስለዚህ ሁሉም አገር ይቺን ድምፅ ለሆነ ነገር አውሏታል። ሩሲያኛ «ላይ» ይልባታል፤ ዕቃ ሲያቀብሉም «እንካ» ለማለት ይጠቀሙባታል። ፋርስኛ «አይ» ይልባታል። ጃፓንኛ «ስም» ይልባታል፤ ረዘም ሲል «ናማኤ» ነው፤ ይሄን ከእንግሊዝኛው «ኔም» ጋር የሚያዛምድ ሰው ብዙ ነው፣ እሱም የአጋጣሚ ነገር ነው። ቃል ባጠረ ቁጥር በአጋጣሚ መገጣጠሙ ይበዛል። ዝምድና የሚታወቀው በብዙ ቃላት ላይ ያው የድምፅ ለውጥ እየተደጋገመ ሲገኝ ነው።

ከደሴ

«አያቴ በአባቴ ወገን ሙስሊም ናቸው፣ በእናቴ በኩል ያሉት ደግሞ ክርስቲያን። አንደኛቸው ዱዓ ሲያደርጉ «ረበና» ሲሉ፣ ሌላኛዋ ጠዋት «አቡነ ዘበሰማያት» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። መጨረሻቸው ላይ ያለው ና እና ነ ይገናኛል?»

ይሄን ጥያቄ ሳነበው ደስ አለኝ። ይገናኛል! እነዚህም እንደ «ኑ» እና «ንዑ» እውነተኛ ዘመዶች ናቸው። የዐረብኛው «ና» እና የግዕዙ «ነ» ሁለቱም «የእኛ» ወይም «እኛን» ማለት ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ምንጭ የወረዱ ናቸው። ዕብራይስጡም አባታችን ሲል «አቪኑ» ይላል፣ መጨረሻውን ልብ በል። ረብ ጌታ ነው፣ ረበና ጌታችን። አብ አባት ነው፣ አቡነ አባታችን። ጳጳሳትን «አቡነ» ብለን የምንጠራውም ከዚያው ነው።

ጠጋ ብለህ ስማቸው። አያትህ «ረበና አቲና» ሲሉ፣ ቁርኣን 2፥201 ላይ ያለው ነው፣ «ጌታችን ሆይ ስጠን» እያሉ ነው። ሴት አያትህ ደግሞ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ሲሉ፣ ማቴዎስ 6፥11 ላይ ያለው፣ «የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን» እያሉ ነው። አቲና፣ ሀበነ። ግሱ ለየብቻ ነው፣ «ለእኛ» የምትለዋ ጭራ ግን አንድ ናት። አንተም ማዕድ ላይ ቁጭ ብለህ «ስጠን» ስትል መጨረሻ ላይ የቀረችው «ን» ያቺው ናት።