የአንባቢያን ጥያቄ፦ የኮሪያ ዘማቹ አያታችን ሜዳሊያዎች

ጥያቄ፦ የእናቴ አባት የክቡር ዘበኛ መኮንን ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል። ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ውስጥ በባና የተጠቀለሉ ሜዳሊያዎች፣ የእንግሊዝኛ ወረቀቶችና ፎቶዎች አገኘን። ብሩ ጠቁሯል፤ አክስቴ በሎሚና በአመድ ላጥራው ትላለች። የአገልግሎት ታሪካቸውንስ ከዚህ ማውጣት ይቻላል? (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ እባክዎ አክስትዎን ያስቁሙልን። ሎሚው ይበላዋል፣ አመዱ ይፍቀዋል። የወርቅ ቅቡ ስስ ነው፤ አንዴ ከለቀቀ አይመለስም። ጀርባው ላይ የተቀረጸ ስም ካለም ይደበዝዛል፤ ለእናንተ ደግሞ ከብሩ ይልቅ የሚያስፈልገው ያ ስም ነው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያንሡ፤ ከዚያ በላይ አይንኩት።

ብሩን ሳያጠቁረው ያልቀረ ባናው ነው። ሱፍ ውስጥ ድኝ አለ፣ ድኝ ብርን ያጠቁራል፤ ጎማም እንደዚሁ ነው። ደጋግሞ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ ቆርጠው እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠቅልሉ። ፌስታል አይሁን፤ በመንዝ ብርድ ውስጡ ላብ ያወጣና ጥብጣቡ ይሻግታል። ከወረቀቶቹ ላይ የዛገ ስፒል ካለ ቀስ ብለው ያውጡ፤ ላሚኔት ግን በፍጹም አያስደርጉ። ከመለያየትዎ በፊት የትኛው ሜዳሊያ ከየትኛው ወረቀት ጋር እንደነበረ ፎቶ ያንሡ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሰማያዊና ነጭ መስመር የሚፈራረቅበት ጥብጣብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ለዘማች በጠቅላላ የተሰጠ ስለሆነ መዝመታቸውን እንጂ ጀብዱ መሥራታቸውን አያስረዳም። ጀብዱውን የሚመሰክሩት የአሜሪካኖቹ ናቸው። ሲልቨር ስታር (‹የብር ኮከብ›) ስሙ ብር ይበል እንጂ መልኩ ወርቃማ ነው፤ ብርማዋ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ኮከብ ብቻ ናት። ይህን የማያውቅ ሰው ናስ ነው ብሎ ይጥለዋል። ብሮንዝ ስታር ሁለመናው ነሐስ ነው፤ ጥብጣቡ ላይ የ‹ቪ› ፊደል ካለበት በውጊያ ላይ ለታየ ጀግንነት የተሰጠ ነው።

ወረቀቱ ላይ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት የሚል ቢያገኙ አይደናገሩ፤ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን፣ የቃኘው ሻለቃ፣ የተመደበው እዚያ ነበር። አዛዡ ተሾመ እርገቱ ከሆኑ አያትዎ በ1943 የሄደው የመጀመሪያው ቃኘው ናቸው፤ አስፋው አንዳርጌ ከሆኑ ሁለተኛው፣ ወልደ ዮሐንስ ሽታ ከሆኑ ሦስተኛው።

ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ወረቀት ጁላይ 1952 ቢል በእኛ ሐምሌ 1944 ነው። ሳይቀንሱ ሐምሌ 1952 ብለው ከጻፉት የኮሪያውን ጀብዱ ጦራችን ኮንጎ በገባበት ወር ላይ ያሳርፉታል። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እኛ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ቀን 8 ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ዓመት ይቀንሱ።

ማዕረጉም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሽልማት ወረቀት የሚጽፈው በዚያን ቀን የነበራቸውን ማዕረግ ነው፤ በጡረታ ሻለቃ የተባሉ ሰው እዚያ ምክትል መቶ አለቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀን፣ ማዕረግ፣ ክፍል፣ የተገኘበት ወረቀት ብለው በአራት ዓምድ ይመዝግቡ፤ ክፍተቱ ራሱ ጎልቶ ይታያል። ክፍተቱ ከታኅሣሥ 1953 የሚጀምር ከሆነ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት የከሸፈበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ መኮንኖች ከክፍላቸው ተነሥተዋልና ቀጣዩን ወረቀት በሌላ የጦር ክፍል ስም ይፈልጉ።