አሮጌውን ቡሽ አትጣሉት

ልጆች፣ ቡሽ ስል የጠርሙስ መክደኛው የታሰበው ካለ ገና ቶርኖ ቤት አልገባምና አይፈረድበትም። እኔ የምለው በፒን (ክፍሎችን በሚያያይዘው ድፍን ዘንግ) እና በቤቱ (ቡሹ በሚቀመጥበት ቀዳዳ) መካከል የሚገባውን፣ ቀለበት መሳዩን፣ ከብሮንዝ ወይም ከናይለን የሚላጠውን ነው። ማረሻው ሲነሳ፣ የትራክተሩ የፊት አክስል ሲወዛወዝ፣ የኮምባይነሩ ወንፊት ሲንገዋለል በሁለት ብረት መካከል ሆኖ የሚፋጨው እሱ ነው። ሥራው መበላት ነው። ውድ የሆነው ፒን እንዳይበላ፣ ከፒኑም የከበደው ክንድ እንዳይበላ፣ እሱ ይበላል።

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ ቶርኖ ቤት ለከፈታችሁ፣ ከኮሌጅ ወጥታችሁ ሥራ ለምትፈልጉ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከአባታችሁ ጋር የሽንኩርት ማጠጫ ፓምፕ ስትጠግኑ ለምትውሉ ነው። 38 ዓመት ብረት ስልጥ ኖሬ የማወርሳችሁ ትልቅ ምስጢር የለኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱንም የተማርኩት አፍሬ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። ከጅሩ በኩል አንድ የኮምባይነር ባለቤት አመሻሽ ላይ መጣ። ስንዴው ደርቆ ቆሟል፤ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ዳምኗል፤ ማሽኑ ማሳ መሃል ተገትሯል። የወንፊቱ ማወዛወዣ ክንድ ቡሽ አልቆ ነበር። ክንዱንና ፒኑን በጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶ እግሬ ሥር ዘረገፈው። «ዛሬውኑ» አለ። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ አለቃዬም ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ጎበዝነቴን ላሳይ አልኩ።

አሮጌውን ቡሽ በመዶሻ ቀጥቅጬ አወጣሁና ወደ ቁርጥራጩ ክምር ወረወርኩት። ፒኑን ስለካው 40 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱን ቡሽ ቀዳዳ ከዚያ በሚሊ ሜትር 5 መቶኛ አሰፍቼ ላጥኩት። ውጩን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ጠብቆ እንዲቀመጥ በ7 መቶኛ አስበለጥኩት። ፕሬስ ላይ ስጫነው እየጮኸ ገባ፤ ደስ አለኝ። ፒኑን ላስገባ ስል ግን እምቢ አለ። ቡሽ ተጨንቆ ሲገባ ቀዳዳው ይጠባል። ውጩን ያስበለጥኩባት 7 መቶኛ ከሞላ ጎደል ሁሏም ወደ ውስጥ ዞራ ፒኑን ዘግታበታለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ወይ ቀዳዳውን ቀድሞ ያሰፋዋል፣ ወይ ቡሹን ከጫነ በኋላ ቀዳዳ በሚያስተካክለው መሣሪያ፣ በሪመር ይጨርሰዋል። እኔ ፒኑን በመዶሻ መታሁት።

ጠዋት አለቃዬ ሲመጡ ፒኑ መንገድ ላይ ተሰንቅሮ፣ ጫፉ እንደ መሮ ራስ ተደፍጥጦ ጠበቃቸው። ባለ ማሽኑ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጧል። ውጭው ውርጭ ነው። አልተቆጡኝም። «አሮጌው የታለ?» አሉ ብቻ። ክምሩን ስበረብር ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ሳገኘው ተቀብለውኝ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩትና «ይኸው ነግሮህ ነበር፤ አላነበብከውም» አሉኝ። ቡሹ በአንድ ጎኑ ወረቀት እስኪያክል ሳስቷል፤ በሌላው ጎኑ ግን የፋብሪካው መላጫ ያሰመረው መስመር እንኳ አልጠፋም። የግሪሱ ቀዳዳ ሸክሙ በሚያርፍበት በኩል ሆኖ በጭቃና በገለባ ብናኝ ተደፍኗል። ስለዚህ ቡሹን የገደለው እርጅና አልነበረም፤ ግሪስ አልቀመሰም። እኔ ልኩን አስተካክዬ ብሠራው እንኳ በዚያው ቀዳዳ ምክንያት እንደገና ይመለስ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አሮጌ ቡሽ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ሸክሙ የት እንዳለ አሳያችሁ ማለት ነው፤ የግሪሱን ቀዳዳና ቦይ ከዚያ አርቁ፤ ቦዩንም እስከ ጫፍ አታድርሱት፤ አለዚያ ግሪሱ ሥራውን ሳይሠራ ይወጣል። ሁለቱ አፎቹ እንደ ጡሩምባ ሰፍተው መሃሉ ደህና ከሆነ፣ ክንዱ ወይም ፒኑ ጠሟል። ውጩ እንደ መስታወት ከተወለወለ ቡሹ ቤቱ ውስጥ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ የሰፋው ቤቱ ነው፤ አዲስ ቡሽ ብቻ ብትሰጡት ያም ይዞራል። ቤቱን በአንድ አቅጣጫ ሳይሆን በሁለት ለኩት፤ ሞላላ ከሆነ ወይ ተበይዶ እንደገና ይሰረሰራል፣ ወይ ክብ እስኪሆን ሰፍቶ ወፍራም ቡሽ ይገባበታል። ፒኑ ሰማያዊ ካለ ያለ ግሪስ ግሏል። የቡሹ ውስጥ በጥፍር ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ካለ ደግሞ አሸዋ እንዳይገባ የሚከለክለውን የማኅተም ጎማ ጠይቁ፤ ወይ ተቀዷል፣ ወይ ከነጭራሹ የለም።

ስታወጡትም ተጠንቀቁ። ቤቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ከሆነ በመዶሻ ይሰነጠቃል። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባል የለ፤ ቡሹን በብረት መጋዝ ከውስጥ በኩል ሰንጥቃችሁ ልቀቁት እንጂ ቤቱን አትደብድቡት።

አሁን ወደ ርካሹ ልምጣ፤ ገበሬው የሚጠይቃችሁ እሱን ነውና። አንዳንድ ቦታ ርካሽ የሚባለው ቡሽ ከውሃ ቧንቧ ተቆርጦ የሚሠራው ነው። እኔ አልሠራውም። ደንበኛ አኩርፎ ሄዶብኛል፤ ይሂድ። ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ ሲፋጭ ይነካከሳል፤ ካንዱ ተቦጭቆ ሌላው ላይ ይለጠፋል። አንድ የምንጃር ሰው የመውቂያውን ዘንግ ይዞ መጥቶ ያየሁት አይረሳኝም፤ የቧንቧው ቡሽ ደህና ነው፤ ዘንጉ እንደ አገዳ ተፍቋል። ዘንጉን መልሶ መሥራት ከቡሹ ዋጋ ጋር የሚወራ አይደለም። በፋብሪካ የጠጠረ የብረት ቡሽ አለ፣ እሱ ሌላ ነው፤ የጠጠረ ፒንም አብሮት አለ።

ብሮንዝ ጥሩ ነው፤ ግን በኪሎ ነው የሚገዛው። ለቡሽ የተለመደው ዓይነት ከመቶ 83 እጅ መዳብ፣ 7 ቲን፣ 7 እርሳስ፣ 3 ዚንክ ነው። ቢጫ የሆነ ሁሉ ግን ብሮንዝ አይደለም። የቧንቧ መክፈቻ ብራስ ነው፣ መዳብና ዚንክ፤ ቀላል ቦታ ላይ ያገለግላል፣ ከባድ ሸክም ላይ ብዙ አይቆይም። እዚህ ላይ ቁጥር ልስጣችሁ። ውጩ 60፣ ውስጡ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሽ ከድፍን ዘንግ ብትልጡ፣ ከገዛችሁት ብሮንዝ ከ9 እጅ 4ቱ ፍቅፋቂ ሆኖ ቶርኖው ሥር ይወድቃል። ገበሬው የዚያን ዋጋ ይከፍላል፤ ቡሹ ውስጥ ግን የለም። ቀዳዳ ያለው ዘንግ ከተገኘ እሱን ግዙ። ካልተገኘ ትልቁን ላጡና ከመሃሉ የሚወጣውን በመሰርሰሪያ ከመፍጨት፣ በቀጭን መቁረጫ እንደ እምብርት አውጡት፤ ለትንሽ ቡሽ ይሆናል። ፍቅፋቂውንም ከብረቱ ለይታችሁ በንጹሕ ጣሳ አጠራቅሙ፤ የሚያቀልጥ ይገዛችኋል። ራሳችሁ ላቅልጥ ካላችሁ ግን ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፤ የዚንክ ጭስ በዚያው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ቅርጹም ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ አሸዋ ላይ የፈሰሰ ብረት ይፈነዳል፤ ፊት አይምርም። የባትሪ እርሳስማ በጭራሽ አትጨምሩበት።

ናይለን ለድሃ ገበሬ የመጣ በረከት ነው እላለሁ። በክብደት የብሮንዝ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ ቶሎ ይላጣል፤ ግሪስ ቢረሳም ለጊዜው ይችላል። ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ውሃ መጠጣት ነው። ግንቦት ላይ ለአንድ የማረሻ ማንሻ ልክክ ያለ ቡሽ ሠርቼ ነሐሴ ላይ ተቆልፎ ተመልሶልኛል። ክረምቱን ሙሉ የእነዋሪ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሲዋኝ ጠጥቶ አብጦ ነው። አሁን ለ40 ሚሊ ሜትር ፒን የሚሊ ሜትር 3 አሥረኛ ያህል ክፍተት እሰጠዋለሁ። ብሮንዝ ቢሆን ለእንዲህ ያለ ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር 1 አሥረኛ ይበቃው ነበር። ሁለተኛው ጠባዩ ሙቀት ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት ታውቃላችሁ፤ ናይለኑ በዚያ ውርጭ ተለክቶ ቀን ፀሐይ ሲመታው 60 ሚሊ ሜትሩ በ1 አሥረኛ ያህል ያድጋል። ብረት በዚያው ልክ ቢሞቅ ጭማሪው ከ1 መቶኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ገና ከቶርኖው እንደወጣ፣ እጅ ሲያቃጥል አትለኩት፤ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። በፍጥነት የሚዞር፣ የሚግል ዘንግ ላይ ደግሞ ጨርሶ አታስገቡት።

ወይራ ብዬ ልጨምር? ትስቃላችሁ። አንዳንድ ኮምባይነር ገለባውን እያንገዋለለ ወደ ኋላ የሚያወጣው ክፍል ላይ ከፋብሪካው በዘይት የተነከረ የእንጨት ቡሽ ይዞ ይመጣል። ይህን ያየሁ ቀን አያቴ ወይራን ለምን እንደሚያከብሩ ገባኝ። የደረቀ ወይራ ጠርቤ፣ ሰርስሬ፣ በንጹሕ ዘይት ቀቅዬ ሠርቻለሁ። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ እዚህ ደጋ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ አረፋው ቶሎ ይጀምራል። አረፋው ሲያቆም እሳቱን አጥፉና እንጨቱን ከነዘይቱ አቀዝቅዙት፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚስበው ሲቀዘቅዝ ነው። ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አረፋው ገንፍሎ እሳት ውስጥ ከገባ ቤቱን ይዞ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፤ ኢንች። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ እያልን በጣሊያን አፍ ተምረን በሚሊ ሜትር ስናስብ፣ የቀድሞዎቹ ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች በኢንች የተሠሩ ናቸው። አንድ ኢንች ከሩብ ማለት 31.75 ሚሊ ሜትር ነው። ጀማሪ ያለቀውን ፒን ለክቶ 31.5 ሲያገኝ «31.5 ነው» ብሎ ይሠራል፤ ነገ ባለቤቱ አዲስ ፒን ገዝቶ ሲመጣ አይገባም። ፒኑን ሁልጊዜ ቡሹ በማይደርስበት ጫፉ ላይ፣ ባልተበላው በኩል ለኩት። ቤላሩስ ከሆነ በሚሊ ሜትር ነው፤ እፎይ በሉ።

ስለ ገንዘብ ጥቂት ልበል። ዋጋ የሚያወርደው ጥራት መቀነስ አይደለም፤ ጊዜ መምረጥ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኮምባይነር ታኅሣሥ ላይ ሲቆም ባለቤቱ የጠየቃችሁትን ይከፍላል፤ ያንን መጠቀም ንግድ ይመስላችኋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደ እናንተ አይመጣም። እኔ የኮምባይነሩን ቡሽ በክረምት እሠራለሁ፣ የማረሻውን በጥር። ልኩ በደብተር ተጽፏል፤ አንድ ጊዜ ቶርኖው ከተስተካከለ አንድ ቡሽ መላጥና አሥር መላጥ የሚለያየው በትንሽ ነው። ለአሥር ገበሬ አንድ ላይ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዋጋ ያኔ ነው የሚወርደው።

ደብተሩ አጠገብ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። የወጣ ቡሽ ሁሉ በሽቦ ታስሮ፣ ከየትኛው ማሽን እንደወጣና ወሩ በወረቀት ተጽፎበት እዚያ ይገባል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በፊት ይስቅብኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ከደነባ አንድ አዛውንት የትራክተራቸውን ማረሻ ማንሻ ቡሽ በመሐረብ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ እንደ አምናው አድርገህ ሥራልኝ» አሉት። ልጁ ቶርኖውን ሊያስነሳ እጁን ከዘረጋ በኋላ ቆም አለ፤ ሄዶ ሣጥኑን ከፈተ። የአምናውን አገኘው፤ የካቻምናውንም። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ሦስቱም አፋቸው ላይ፣ በዚያው በቀኝ ጎናቸው ተበልተዋል።

«ጋሼ፣ ይመልከቱት እስቲ» አለኝ።

አዛውንቱን ክንዱን ራሱን እንዲያመጡ ጠየቅናቸው። በማግስቱ በአህያ አስጭነው መጡ። ቀጥ ያለ ብረት ጎኑ ላይ ስናስተኛበት መሃሉ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ታየ። መቼ እንደጠመመ ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ ከሦስት ዓመት በፊት ድንጋይ ላይ መውጣቱን አስታወሱ። ያን ዕለት ክንዱን አሙቀን ስናቀና ዋልን። ቡሹን የላጥነው በነጋታው ነው።