«ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ኢኮኖሚን በስታቲስቲክስ የሚለካ ትምህርት። ከተቀጠረ አራተኛ ዓመቱ ነው። የልጃችን ልደት ላይ ሻማው እየነደደ እሱ መኝታ ቤት ገብቶ «ሞዴሉ እየሮጠ ነው» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ስሌቱን እየሠራ ነው ማለቱ ነው። ስቆጣ «ቴኑር እስካገኝ ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ» ነው መልሱ፤ ቴኑር የሚለው ቋሚ የመምህርነት ቅጥርን ነው። ጓደኛው አማዞን ገብቶ እጥፍ ይከፈለዋል፤ ሁሌም እነግረዋለሁ፣ አይሰማኝም። ባለፈው ወር ያለ ምክንያት ሦስት ቀን አኮረፈ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን?
ት. ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ሴት ትኑር አትኑር ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ግን አንድ ነገር ጠይቂው። ያን ሰሞን ጽሑፉን ከላከበት የምርምር መጽሔት መልስ መጥቶለት ነበር?

የዚህ ሙያ ክብሩ ይታያል፤ ሽንፈቱ ግን ኢሜይል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ዳታው ተለቅሞ፣ ሞዴሉ ተሠርቶ፣ ፈርሶ፣ እንደገና ተሠርቶ አንድ ጽሑፍ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ስማቸውን የማያውቃቸው ገምጋሚዎች ጋ ሄዶ ወራት ይቀመጣል። ትልልቆቹ መጽሔቶች ከ100 ጽሑፍ ከ90 በላዩን ሳያትሙ ይመልሳሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውን 3 መጽሔቶች መልሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 አራተኛው አተመለት፤ በ2001 ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆነ። (ባልሽም ኖቤል ይወስዳል እያልኩሽ አይደለም።)

ቴኑር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ዓመት ይወሰናል። ካልተሰጠው፣ በተለምዶ አንድ ዓመት ይጨመርለትና ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አገር ቤት ዘመድ ሁሉ «ፕሮፌሰር» እያለ የሚጠራው ሰው «ጽሑፌ ተመለሰብኝ» ማለት ያፍራል። ያኮርፋል።

ይህን ስልሽ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። «ሁለት ዓመት ታገሺኝ»ን አትቀበዪው። ሌሊቱን ከላፕቶፕ ጋር ማንጋት የለመደ ሰው የቴኑር ደብዳቤ ስለደረሰው ብቻ አይተወውም። ቀጥሎ ሙሉ ፕሮፌሰርነት አለ።

ስለዚህ ከአሁኑ ተነጋገሩ። መልስ በመጣ ቀን «ዛሬ መልሰውብኛል» ይበልሽ፤ ሌላ ማብራሪያ አትጠይቂው። አንቺም ያን ዕለት አማዞንን አታንሺ። ሥራ መቀየር ይነሳ ከተባለ ይነሳ፣ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት እስከ ምሳ ላፕቶፑ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ሞዴሉ እየሮጠ ነው ካለ ይሩጥ፤ ቁጭ ብሎ ስላፈጠጠበት አይፈጥንም።

አንድ ወር ሞክሩት። ኩርፊያው ካልቀነሰ አብራችሁ አማካሪ ጋ ሂዱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኛና ለቤተሰቡ በነፃ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ የእሱ መሥሪያ ቤት እንዳለው ይጠይቅ። ቀጠሮውን ግን እሱ ይያዝ።