ጎንደር 24 ዲግሪ ሲል ቧሂት ላይ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ በመስከረም መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ካምፕ አድረን ቧሂት ተራራ ልንወጣ አስበናል። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ግን የጎንደርን ብቻ ነው የሚነግረኝ። ኢንተርኔት ላይ የትኛውን ልመን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በጎንደሩ ቁጥር ልብስ አይምረጡ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ቧሂት ደግሞ 4,430 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጎንደር ቀን 24 ካለ ጫፉ ላይ 9 አካባቢ ይሆናል፤ ያውም ነፋሱ ሳይታሰብ። ስሌቱ ለሌሊት አይሠራም። ሰማዩ ከጠራ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ ቀዝቃዛው አየርም ወደ ረባዳው ይንሸራተታል። ስለዚህ ድንኳኑን ረባዳ ላይ ከተከሉ ውርጭ ሊያገኝዎ ይችላል።

ሜቴኦብሉ ወይም ዊንዲ በተባሉት የአየር ትንበያ ድረ ገጾች ላይ ቦታውን በስም አይፈልጉ፤ ካርታውን አቅርበው ተራራው ላይ ይጫኑ። ከዚያ ሜቴኦብሉ የጻፈውን ከፍታ ከተራራው ከፍታ ጋር ያመሳክሩ። ትንበያ የሚያሰላው ታዋቂው የአውሮፓ የኮምፒውተር ሞዴል ምድርን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ከፍሎ ስለሚያሰላ ገደሉና ጫፉ በአንድ አማካይ ይዋጣሉ። ዊንዲ ላይ ደግሞ የነፋሱን ከፍታ ከመሬት ወደ 4,200 ሜትር (600 ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት) ይቀይሩት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ካለፈ አፋፍ ላይ ባይቆሙ ይሻላል።

ዝናብን በተመለከተ ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱን ይዩ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመራል፣ መብረቅም ይከተላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ መተግበሪያው «07:00 ጥርት ያለ» ሲል ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም። የቀኑን 7 ሰዓት የሚያገኙት «13:00» ላይ ነው። ከጨነቅ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ተነስተው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከጫፉ መውረድ ይጀምሩ።

በመጨረሻም የአውሮፓውን ሞዴልና ጂ ኤፍ ኤስ የተባለውን የአሜሪካ ሞዴል ያነጻጽሩ። ካልተስማሙ መጥፎውን ይዘው ይዘጋጁ። ተራራው ላይ ኔትወርክ አስተማማኝ ስላልሆነ ደባርቅ ከተማ ሳሉ ገጾቹን በስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ አብሮዎት የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ (ስካውት)ም «ትናንት ከሰዓት ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁት። የትናንቱ ደመና በአብዛኛው ዛሬም በዚያው ሰዓት ይመጣል።

ጥያቄ፦ የ14 ቀን ትንበያ አይቼ ቀን ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ። ከሳምንት ያለፈው የአዝማሚያ ፍንጭ እንጂ የዕለት ትንበያ አይደለም። ቀኑን በወቅት ይምረጡ፤ ሐምሌና ነሐሴን ይተዉ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሻላል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ዝርዝሩን ከጉዞው 3 ቀን በፊት ጀምረው በየዕለቱ ይከታተሉ።