ጋሼን ጠይቁ፦ ቡና በቬፕ ይሳባል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱ ስለ ቡና ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀላል ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሲጋራ ካቆምኩ አምስት ወር ሞላኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ያቆምኩት ግን በቬፕ፣ ፈሳሽ እያሞቀ በሚያተነው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሳዑዲ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። አሁን ፈሳሹ ሊያልቅ ነው። የቀረኝም ማንጎ ማንጎ የሚል ስለሆነ ሰልችቶኛል። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ደግሞ ሲጋራው ውል ይለኛል። ስለዚህ የቡና ጣዕም ያለው ፈሳሽ ቤት ውስጥ ልሠራ አሰብኩ። የተፈጨ ቡና በግሊሰሪን ዘፍዝፎ ማጥለል ነው ብለውኛል። ግሊሰሪኑ ፋርማሲ አለ፤ ቡናው ቤት ሞልቷል። እርስዎ የኬሚስትሪ መምህር ስለነበሩ መጠኑን ይንገሩኝ። ሌላው፣ ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ቡና ስጠጣ ልቤ ድው ድው ይላል። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ከቬፑ ይሆን?»

አብሽር ወንድሜ። አምስት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም። እኔ 19 ዓመት አጭሻለሁ። ለማቆም አራቴ ሞክሬ በአራተኛው ነው የሆነልኝ። የቡና ሰዓት እንዴት እንደሚፈትን አውቀዋለሁ። ደሴ ሸዋ በር ላይ የሚቆላ ቡና የማይሸትበት ሰዓት የለም። አንዱ ግቢ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል።

መጠኑን ግን አልነግርህም። ሚስጥር ስለያዝኩ አይደለም። አንተ ያሰብከውን እኔ ሠርቼው ስላየሁት ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ከዱባይ መጥቶ አንድ ቬፕ ትቶልኝ ሄደ። ያኔ ለሦስተኛ ጊዜ ለማቆም እየታገልኩ ነበር። ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ደግሞ ሥራ ሲፈታ አያድርስ ነው። ባለቤቴ የቆላችውን ቡና በሙቀጫ ሸክሸክ አደረግሁት። ብዙም አላደቀቅሁትም። በባዶ የማርማላት ብልቃጥ ጨምሬ ግሊሰሪን አፈሰስኩበት። በደሴ ብርድ ግሊሰሪን እንደ ማር ይወፍራል። ስለዚህ በየማታው ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ማጥለሉ መጣ። በነጠላ ጫፍ ብሞክር አልወርድም አለ። በፊልተር ወረቀት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የወጣው አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው። ባለቤቴ ብልቃጡን አየችና «ይሄ ለፀጉር ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

መጀመሪያ ስስበው እውነትም ቡና ቡና አለኝ። ግን ትኩስ ቡና አይደለም። ጀበና ውስጥ አድሮ በነጋታው የሞቀ በረካ በለው። በሁለተኛው ቀን ማረር ማረር አለኝ። ፈትቼ ሳየው ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ልጆቹ ኮይል የሚሉት፣ ከሰል ለብሷል። ጥጡም ጠቁሯል። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ስምገው የነበረው የዚያን ከሰል ጭስ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አሳለኝ። ብልቃጡን ደፋሁት። ለባለቤቴም እውነቱን ነገርኳት። እስካሁን ትስቅብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ሽታ አንድ ነገር አይደለም። ቡናው ሲቆላ ውስጡ ያለው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ይዋሃዳል። ከ800 በላይ በራሪ ነገሮች ይወጣሉ። ቡና አፍዪዋ ምጣዱን ይዛ በየሰዉ ፊት የምትዞረው ለዚህ ነው። ያኔ ያላሸተትከው ሄደ ማለት ነው። ግሊሰሪኑ ውስጥ በብዛት የሚቀረው ምሬቱ፣ ቀለሙና ስኳር ነክ ቅሪቱ ነው። እነሱ ደግሞ አይተኑም። ሽቦው ላይ ተጣብቀው ያርራሉ። ፋብሪካ «የቡና ጣዕም» ብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከቡና የወጣ አይደለም። ሽታ ሰጪ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ ቀምመው የሚሠሩት ነው።

እኔን የበለጠ ያስፈራኝ ግን ዘይቱ ነው። የአረቢካ ቡና ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። አቦሉ ሲቀዳ ሲኒው ላይ የሚያብለጨልጨውን አይተህ የለም? ስትጠጣው ሆድህ ይፈጨዋል። ሳንባ ግን የዘይት መፍጫ የለውም። ዘይት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ የሚመጣ የሳንባ ምች አለ። ሐኪሞች ሊፖይድ ኒሞኒያ ይሉታል። የእኔ ወረቀት ዘይቱን ምን ያህል እንዳስቀረው በዓይን አይታወቅም። የአንተም አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። ቬፕ የሚስቡ ወጣቶች ሳንባቸው እየተጎዳ ሆስፒታሉን ሞሉት። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ተመዘገቡ፤ 68 ሞቱ። አብዛኞቹ የሳቡት የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበት፣ ከመንገድ የተገኘ ፈሳሽ ነበር። ዋናው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሴቴት የተባለ ዘይት መሰል ማወፈሪያ ነው። ቫይታሚን ኢ እኮ በክኒን ይዋጣል፤ ፊትም ይቀባል። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

አንድ ደግሞ የፈንዲሻ ነገር ልጨምርልህ። ቡናና ፈንዲሻ አይለያዩም መቼም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚዙሪ በምትባል የአሜሪካ ግዛት፣ በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ ስምንት ሰዎች ትንፋሻቸው እየጠበበ መጣ። የሳንባቸው ትናንሽ ቱቦዎች ጠባሳ ይዘው ነበር። ሲጣራ ነገሩ ዳያሴቲል ላይ ደረሰ። ፈንዲሻው ቅቤ ቅቤ እንዲል የሚጨመር ቅመም ነው። ሲበሉት ምንም አይልም። እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ተነፈሱት። ታዲያ ይኸው ዳያሴቲል ቡና ሲቆላ በተፈጥሮው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጣዕም ያላቸው 51 የቬፕ ዓይነቶችን መርምረው በ39ኙ ውስጥ አግኝተውታል። የሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ፤ እንዲያውም በብዛት። ስለዚህ ወደ ሲጋራህ ተመለስ እያልኩህ አይደለም፣ በአላህ። ሲጋራው ይብሳል።

ግሊሰሪኑም ቢሆን እንዳሰብከው አይደለም። ፋርማሲ የምታገኘው ብዙ ጊዜ ለቆዳ የተዘጋጀ ነው። እኔም በክረምት እጄ ሲሰነጠቅ እቀባዋለሁ። ሽቶ ወይም ውሃ የገባበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት የሞቱት ከሳል ሽሮፕ ጋር በተያያዘ ነው። ሽሮፑ ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ተገኝቷል። ሽሮፕ ከሚሠራባቸው ከግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ከሚባል ፈሳሽ ጋር የሚምታታ ነገር ነው። እሱም ጠራ ያለ ነው፤ እሱም ወፈር ይላል፤ እሱም ይጣፍጣል። 30 ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው አጠገብ ላጠገብ ብታስቀምጥልኝ በዓይኔ አለይልህም። ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

ሕጉንም እወቀው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። እየሠራህ ለጓደኞችህ ልሽጥ ብለህ እንዳታስብ። ይህን የምለው፣ ባለፈው አንድ ልጅ በደንብ አስቦበት ስላገኘሁት ነው።

አሁን ወደ ልብህ እንምጣ። ከጥያቄህ ሁሉ ያስደሰተኝ ይሄኛው ነው፤ ሰው አይጠይቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን፣ የቡናውን አነቃቂ ነገር፣ የሚያስወግድበትን ሥራ ያፋጥነዋል። የሚያጨስ ሰው ካፌይንን ከማያጨስ በእጥፍ ያህል ፍጥነት ያወጣል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ቬፕ ደግሞ ያ ጭስ የለውም። ሲጋራውን ባቆምክ በቀናት ውስጥ ጉበትህ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። አንተ ግን እንደ ድሮህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትላለህ። ሦስቱ ሲኒ አሁን እንደ ስድስት ነው የሚሆንብህ። እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ የልብ መምታት ይመጣል። ሰው ይህን ሁሉ «የሲጋራ አምሮት ነው» ይልና ተመልሶ ይለኩሳል። እኔ ሁለተኛውን ሙከራዬን ያጣሁት በዚህ ነው። ማንም አልነገረኝም።

ኒኮቲኑም ልብን ያስሮጣል፤ ቬፑን ንጹሕ ነው አልልህም። ግን በቡናው ጀምር። ከቡና ላይ ተነስተህ መሄድ ነውር ነው፤ በረካው ምርቃት አለው። ስለዚህ አትነሳ። አቦሉን ግማሽ ሲኒ ብቻ ይቅዱልህ። ቶናውና በረካው ራሱ ቀጠን ይላል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ከሆነ ጨርሶ ይቅርብህ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየህ፣ ወይም ደረትህን ከወጋህ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ቬፕ እንደምትስብም ሳታፍር ንገረው።

ለአምሮቱ እኔን የረዳኝን ልንገርህ። ቡናው ሲጀመር ምጣዱን ከእናትህ ተቀበልና አንተ ቁላው። ጎረቤት ይሳቅ። በአንድ እጅህ ምጣዱን፣ በሌላው መቁያውን ይዘህ ሲጋራ የምትይዝበት እጅ አይተርፍህም። የፈለግከው ሽታ ደግሞ እዚያው አፍንጫህ ሥር ነው፤ 800ውም። ሲቀዳ ሲኒውን በሁለት እጅህ ያዝ። ከሲኒ በኋላ ነው የሚከብደው፤ ያኔ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ጥርስህ ሥር አድርግ። የማንጎው ፈሳሽ ሲያልቅ ይለቅ። እስኪያልቅ ድረስ የምትስብበትን ሰዓት ቁጠር፤ በየሳምንቱ አንዱን ጣል። እኔ መጀመሪያ የጣልኩት የጠዋቱን ነው። በጣም ከባዱ እሱ ስለነበር።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ከሐይቅ ናት።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። ከሱቅ የምገዛው የቡና ኢሴንስ ሳሙና ሳሙና ይለኛል። ራሴ መሥራት እችላለሁ? አልኮል አልጠቀምም። አንዴ ቡና አፍልቼ በጠርሙስ ባስቀምጥ በአምስተኛው ቀን ሻገተ።»

እህቴ፣ የሻገተው ውሃ ስለበዛበት ነው። መድኃኒቱ ስኳር ነው። 100 ግራም ቡና በዚያው ቀን ቁዪና ሸካራ አድርገሽ ፍጪው። 400 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ከድነሽ 10 ደቂቃ ተይው። ሐይቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለቡና ልክ ነው፣ አያሳርረውም። መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በፊልተር ወረቀት አጥልይው። ግማሹን ውሃ ዱቄቱ ስለሚጠጣው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣልሻል። አትደንግጪ። የወጣውን ለክተሽ በክብደት እጥፉን ስኳር ጨምሪ፤ 200 ከሆነ 400 ግራም ማለት ነው። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቂው። ካንተከተክሽው ሽታው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የጨው ቁንጥር ጣል አድርጊበት፤ ወሎዬ ነሽና ይህን እንኳ እኔ አልነግርሽም። ጠርሙሱን ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ ገልብጪው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር ይቆያል። ለአንድ ኬክ ሦስት ማንኪያ ይበቃል፤ ከኬኩ ስኳር ያንኑ ያህል ቀንሺ።

ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነ ጻፊበት። የእኛ ቤቱ ላይ ባለቤቴ በትልቁ «ለፀጉር አይደለም» ብላ ለጥፋበታለች።