መልስ፦ እናቴ በኩላሊት እጥበት ሰዓት ምን ታዳምጥ?

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። አራት ሰዓት ሙሉ ጣራ እያዩ መተኛት ሰለቸኝ ማለታቸው እውነት ነው። አባቴም እንደዚያው ይል ነበር። መርፌ የገባበት ክንድ መንቀሳቀስ ስለሌለበት መጽሐፍ መያዝ አይመችም። ጆሮ ግን ነፃ ነው።

እኔ የምመክርሽ ትረካ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ፈልጊላቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች ያን ድምፅ ገና ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። አባቴ በታሪኩ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በመጡ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ በሳቅ ሆዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክንዱ ግን ንቅንቅ አይልም! ከዚያ ወዲህ ሰዓት መጠየቅ ተወ።

ኔትወርክ ስለማይታመን ቤት አውርደሽ ጫኚላቸው። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ያድርጉ፤ ነርሶቹ ሲጠሯቸው መስማት አለባቸው። በእጥበት ወቅት የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ካዞራቸው፣ ካላባቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ታሪኩ የቱንም ያህል ቢጥም ወዲያው ይናገሩ። ይህን አደራ።

ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳይጨርሱት፤ ለእጥበት ቀን ብቻ ይቆይ። የሬዲዮ ድራማም ልብ ሰቃይ ቦታ ላይ ሲቋረጥ ጥሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያጓጓ ነገር ይኖራቸዋል። ሐዘን የበዛበት ክፍል ከከበዳቸው ወደ ጭውውት ወይም ወደ መዝሙር ቀይሪላቸው። ከእጥበት ሲመለሱ ደክሟቸው ዝም ካሉ ምንም አትክፈቺ፤ ይተኙ።